አገር ሁሉ «ተማሪ» የሚለው ልጅ

ተማሪ ማለት ማን ነው? አዎ፣ እናንተን ነው የምጠይቀው። ቀላል መስሏችሁ ፈገግ ያላችሁ እንደሆነ ፈገግታችሁን ለጊዜው አቆዩት። ፕዮ ዶጂንም ቀላል መስሎት ነበር። የሚወዳትን ልጅ ሊያጣ ጫፍ የደረሰው ግን በዚህችው ጥያቄ ነው።

ቡሳን በምትባለው የወደብ ከተማ ውስጥ ወጣት የሆነና ቦርሳ ያዘለ ሰው ሁሉ ስሙ «ተማሪ» ነው። የማያውቁት ሁሉ እንዲያ ብለው ይጠሩታል። የአውቶቡሱ ሹፌር «ተማሪ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በል እንጂ!» ይለዋል። የሾርባ ቤቷ ባለቤት «ተማሪ፣ ሩዝ ልጨምርልህ?» ትለዋለች። መንገድ የጠፋባቸው አሮጊት እጅጌውን ይዘው «ተማሪ፣ ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው?» ይሉታል። ዶጂን በዚህ ስም ሲጠራ ነው ያደገው። አንድ ቀን የሚወሰድበት ስም መሆኑን አስቦ አያውቅም።

ሶልሚን ያገኛት በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል፣ ከኮምፒውተር ጋር ስትጣላ ነው። ከሌላ ኮሌጅ ተዛውራ ገና መምጣቷ ነበር።

«ተማሪ ነኝ እኮ! ይኸው ካርዴ! ፊቴን አታይም?» ትላለች፣ መታወቂያዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ።

ዶጂን ከኋላዋ ሳቁ አመለጠው። ዞር አለች።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ዓይን ስለሌለው ነዋ። ካልቶራ ነው አይደል? የተማሪ ቅናሽ?»

ካልቶራ ሥዕልን የሚያንቀሳቅሱበት ሶፍትዌር ነው፣ የኩባንያውም ስም እሱው ነው። በአኒሜሽን ትምህርት ክፍል ያለ ካልቶራ መማር ያለ ውኃ እንደ መዋኘት ነው። ሙሉ ዋጋው ለትልልቅ ስቱዲዮዎች የተቆረጠ ሲሆን ተማሪ ግን ከአሥር አንድ እጁን ብቻ ይከፍላል። ኩባንያው ተማሪነቱን ካመነለት ማለት ነው።

«ደጋግሞ መለሰብኝ» አለች ሶልሚ። «ካርድዎ ላይ የሚያበቃበት ቀን የለም ይለኛል።»

«የእኛ አገር የተማሪ ካርድ ላይ የሚያበቃበት ቀን አይጻፍም። ማሽኑ ደግሞ የማያበቃ ተማሪ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ማስረጃ የሚያትም ማሽን አለልሽ። በእንግሊዝኛ አትሚና ላኪለት፣ ወዲያው ያምንሻል።»

«አመሰግናለሁ። እርስዎ... መምህር ነዎት?»

«ምን? አራተኛ ዓመት ነኝ! የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ ስለመጣሁ ነው እንጂ፣ ይሄን ያህል አርጅቻለሁ?»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ውይ! ይቅርታ ሶንቤ!»

ሶንቤ የሚባለው በትምህርት ቤት የቀደመህ ሰው ነው። አንዴ ሶንቤ የሆነ ሰው ጥርሱ ቢረግፍም ሶንቤ ነው። ቃሉን የሚሽር ቢሮ የለም።

«እርስዎ ማለቱን ከተውሽ ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እሺ... አንተ» አለች። ከዚያም አንገቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ስክሪኑ ላይ ምንም አልነበረም፣ እሷ ግን አፍጥጣ ታየው ነበር።

ፀደዩ ሳያልቅ አብረው ፊልም ጀመሩ። ዮንግዶ ደሴት ላይ፣ ዶጂን ባደገበት ዳገት፣ ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። በሁለት ጣሪያዎች ላይ የሚኖሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመሃላቸው አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ይዘረጋሉ። ፊልሙ ይኸው ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም አይናገሩም።

«አንተ ወንዱን ሣል፣ እኔ ሴቷን» አለችው ሾርባ ቤት ተቀምጠው።

«ለምን? ሴት መሣል አልችልም?»

«አንተ የምትሥላት ሴት እጅ የበረኛ እጅ ይመስላል።»

«ያንቺ ወንድ ደግሞ ሁሌ ሆዱን የሚያመው ነው የሚመስለው።»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዶጂን በማንኪያው ሾርባውን እያማሰለ ጠየቃት።

«መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ?»

«ልብሶቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ።»

«ሰዎቹን ነው ያልኩሽ።»

ሶልሚ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗን ለመመለስ ስትቸኩል አላያትም። «ሶንቤው አንተ ነህ፣ አንተ ወስን» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ምን ብሎ ይወስን? ማንኪያውን አስቀምጦ አያት። እሷም አየችው። መተያየቱ እንዲያልቅ ሁለቱም አልፈለጉም። ያቋረጠችው የሾርባ ቤቷ ባለቤት ናት።

«ተማሪዎች! ሾርባው በረዶ ሆነ እኮ! መተያየት ሆድ ይሞላል?»

ሐምሌ ላይ እናቱ ገበያው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በወደቡ አጠገብ በእንጨት የተሰካ የዓሣ ቂጣ በትኩስ መረቅ የሚሸጡ ሴት ናቸው፣ ሱቋን የሚይዝላቸው ከዶጂን ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እረፍት ወሰደ። በዚያ አገር ነውር አይደለም፤ ግማሹ ተማሪ አንድ ጊዜ ሳይወስድ አይመረቅም። ስምም አለው፦ «የእረፍት ተማሪ» ይባላል። የተማሪ ቁጥሩ አይነጠቅም፣ ቤተ መጻሕፍቱ በሩን አይዘጋበትም፣ ዩኒቨርሲቲው በበዓል እንኳን አደረሰህ ይለዋል።

መስከረም ላይ ካልቶራ እንደየዓመቱ ተማሪነትህን አረጋግጥ አለው። ዶጂን ለሶልሚ ያስተማራትን አደረገ፣ ማስረጃውን አሳትሞ ላከ። በማግሥቱ አካውንቱ ተቆለፈ። ሥዕሎቹ የሚቀመጡት ኩባንያው ጋ ነበርና የጣሪያው ሰውዬም አብሮ ተቆለፈ። ሶልሚ የሣለቻት ሴት ወዲያ ማዶ የገመዱን ጫፍ ይዛ ቀረች።

ደወለ። ያነሳችው ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ናት።

«ውድ ደንበኛችን፣ በአሁኑ ሰዓት ክፍል ገብተው ይማራሉ?»

«የእረፍት ተማሪ ነኝ።»

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለም፣ ውድ ደንበኛችን። ያለው ‹ተማሪ› እና ‹ተማሪ ያልሆነ› ነው።»

«የእረፍት ተማሪ ስል እኮ ተማሪ አልኩሽ! ቃሉ ውስጥ አለ!»

ልጅቱ ድምፅዋን ቀንሳ፣ አለቃ አጠገቧ እንዳለ ሰው፣ «ይገባኛል» አለችው። «እኔም ራሴ የእረፍት ተማሪ ነኝ። ለእኔም አልፈቀዱልኝም።»

ዶጂን ምን ይበላት? በማን ላይ ይጩህ? የዚህ ዘመን ግፍ እንዲህ ነው፤ የምትጮህበት ሰው ስትፈልግ ያንተኑ ቁስል የያዘ ሰው ነው በሩ ላይ የሚያቆሙልህ። ደንቡን የጻፈው ሰው ስልክ አያነሳም።

«እናትሽን አግዢ፣ እህቴ» አላት፤ ለምን እንዲህ እንዳለ አያውቅም። ስልኩን ዘጋው።

ሶልሚ ሱቁ ድረስ መጣች። «በእኔ አካውንት ግባ» አለችው።

«አይቻልም። ያወቁ እንደሆነ አንቺንም ይቆልፉሻል።»

«ሰውዬውን እዚያው ትተነው ልንሄድ ነው ታዲያ? ወንዱን እኔ ልሣለው? ሆዱን የሚያመውን?» ክርክሩን ሳትጨርስ የይለፍ ቃሏን በራሷ ጣት ኮምፒውተሩ ላይ አስገባችለት።

ከዚያ ወዲያ ዶጂን ገበያተኛ ሲሳሳለት፣ ከመረቁ እንፋሎት ሥር ተቀምጦ ሰውዬውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይሥለው ጀመር። የዓሣ ሽታ የነካው ጣቱ ለሰውዬው እጅ ሲሠራ ሶልሚ በሌላው የከተማው ጫፍ የሴቷን ቀሚስ ታወዛውዛለች። አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ሰዓት አንዱን ሥዕል ይከፍቱታል። ያኔ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጠቋሚዎች ይንቀሳቀሳሉ። የሷ ጠቋሚ የሱን ሲነካ ዶጂን ብቻውን ፈገግ ይላል። እንዲህ ያለ መተሻሸት ዓይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱ ያላቸው ይኸው ነበር።

ማሽኑም አየው። አንድ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ አይገኝም ብሎ የሶልሚን አካውንት ዘጋ። ማስጠንቀቂያው ግልጽ ነበር፦ የይለፍ ቃሉን አውቃ ሰጥታ ከሆነ ለዩኒቨርሲቲው ይነገራል፣ የመመረቂያ ሥራዋ የሆነው ፊልምም ከነአካውንቱ ይሰረዛል። ተሰርቆባት ከሆነ ግን ይመለስላታል።

ዶጂን ለእሷ ሳይነግር ደወለ። የዚህኛው ድምፅ ወፍራም ነበር።

«እኔ ነኝ የሰረቅኳት።»

«ጥሪው እየተቀዳ ነው። ለቀረጻው በግልጽ ይናገሩ። ተማሪ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ሙሉውን ይበሉት።»

ዶጂን ትንፋሹን ሳበ። «እኔ ተማሪ አይደለሁም።»

«ከአካውንቱ ባለቤት ጋር ምን ግንኙነት አለዎት?»

ቀና ሲል ሶልሚን አያት። ከሱቁ ፊት ለፊት ቆማለች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ሾርባ በሁለት እጇ ይዛ። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም ነበር።

«ውድ ደንበኛ? ግንኙነትዎ?»

«ምንም» አለ፣ ዓይኗን እያየ። «አላውቃትም።»

ሾርባውን ቀስ አድርጋ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ዞራ ሄደች። ሊጠራት አፉን ከፈተ፣ ጆሮው ላይ ግን ወፍራሙ ድምፅ «እንደገና፣ ለቀረጻው» ይለዋል።

ስልኩን እንዳስቀመጠ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር መጣች። «ጋሼ፣ ሁለት ስጠን» አለችው።

ዶጂን ጋሼ የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ግድግዳ ነበር።

ሶልሚ ስልኩን አታነሳለትም። ቢሄድ ምን ብሎ ያስረዳታል? እውነቱን ከነገራት ውሸቱ የሁለቱም ይሆናል፣ ካልነገራት ደግሞ እሷን ያጣታል። በየትም ዞሮ አላመለጠም። መረቁን አማሰለ፣ ዓሣውን ሰካ፣ መልስ ቆጥሮ ሰጠ። ከዚህ ሌላ የሚችለው ነገር አልነበረም።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ሱቁ ውስጥ ገባች።

«አንተ ሌባ!»

«ሶልሚ...»

«ዛሬ ደወሉልኝ። ‹የሰረቀዎት ሰው አምኗል፣ አካውንትዎ ተመልሷል› አሉኝ። ማን ነው ስላቸው ‹የማያውቁት የገበያ ሰው ነው› አሉኝ።» ጠጋ አለችው። «ዓይኔን እያየህ አላውቃትም አልክ እኮ።»

«ዓይንሽን ባላይ ኖሮ አፌ እሺ አይለኝም ነበር።»

ጃንጥላዋ ከእጇ ወደቀ። ዝናቡ የሱቁን ላስቲክ ይደበድባል። እጁን ያዘችው፣ መረቅ የነካውን እጅ፣ ሳትጠየፍ።

«ስሜን ፊልሙ ላይ አታድርጊው» አላት። «የማላውቃት ልጅ ፊልም ላይ ስሜ ምን ይሠራል? ያን ቀን ውሸቴ ይወጣል፣ አንቺም ትጠፊያለሽ። አብረን መታየትም የለብንም።»

«እስከ መቼ?»

ዶጂን ጎንበስ ብሎ ጃንጥላዋን አነሳላት።

የተማሪዎች የፊልም ውድድር ኅዳር ላይ ነበር። ዶጂን የገበያ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ ከአዳራሹ መጨረሻ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መድረኩ ላይ ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል፦ «ካልቶራ፣ የተማሪ ወዳጅ።» ውድድሩን የደገሰው ኩባንያው ነውና! የኩባንያው ሰው ጥቁር ሱፉን ለብሶ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

ፊልማቸው ታየ። ሴቷ ገመዱን ወረወረች። ወዲያ ማዶ ሰውዬው እጁን አነሳ፣ እጁን እንዳነሳም ቀረ። ዶጂን እስከዚያች ድረስ ነበር የሣለው። ሶልሚ አንዲት መስመር አልጨመረችበትም። ገመዱ ሳይያዝ በነፋስ እየተወዛወዘ ስክሪኑ ጠቆረ። ሰው ለማጨብጨብ እንኳ ዘገየ።

«የናም ሶልሚ ሥራ!» አለ አስተዋዋቂው።

ሶልሚ ማይኩን ተቀበለች። በሕዝቡ አናት ላይ አሻግራ ዶጂንን አየችው። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፦ አታድርጊው።

«የእኔ ብቻ አይደለም» አለች። «ወንዱን የሣለው ፕዮ ዶጂን ይባላል። ሶንቤዬ ነው። ኩባንያው ዘንድ ሌባ ተብሎ ተቀድቷል። አልሰረቀኝም፣ የይለፍ ቃሌን በገዛ ጣቴ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። ‹አላውቃትም› ያለው እኔን ለማዳን ነው። እኔን የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር እሱ ነው።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ሱፍ የለበሰው ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ውድ ደንበኛችን...»

«ደንበኛ አትበለኝ!»

«ማለቴ፣ ይህን በኋላ በቢሮ...»

ዶጂን ሊያስቆማት ወደፊት ሮጥ ሲል ቦት ጫማው አዳለጠው። በር ላይ የምትቆመዋ አሮጊት አስተናባሪ ክንዱን ነካችው። «ተማሪ፣ መሬት ልትወድቅ ነው እኮ፣ ቁጭ በል እንጂ» አለችው።

መድረኩ ላይ ሶልሚ ማይኩን ወደ ሰውዬው ዘርግታለች።

«በቢሮ አይሆንም። በስልክም አይሆንም። እሱን ‹ለቀረጻው በግልጽ ተናገር› ብላችሁት የለ? ማይኩ ይኸው፣ ካሜራው ይኸው፣ ሰውም ይኸው። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ለቀረጻው በግልጽ ተናገሩ፦ እዚያ ግድግዳው ሥር ያለው ልጅ ተማሪ ነው ወይስ አይደለም?»