የአለነ አምፕሊፋየር

ሬዲዮ ጠጋኙ አለነ ሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ በቀኝ እጁ ሁለት ሽቦ እንደ ጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ቀኑ ጥር ሃያ ሁለት፣ 1974 ዓ.ም. ነው። መርማሪው መቶ አለቃ ይግዛው ከአውራጃው ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ እስኪደርስ ድረስ በር ላይ የተሰበሰበው የደባርቅ ሰው ምክንያቱን አውቆ ጨርሶ ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነው የበላው» አሉት።

ይግዛው አዳመጣቸው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ወሬ በትዕግሥት ይሰማል፣ የሚያምነው ግን ራሱ ነክቶ ያረጋገጠውን ብቻ ነው። ሰዉን ከበሩ አርቆ ገባ።

ክፍሏ አለነ ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ግቢ የተከራያት ጠባብ ቤት ናት። ጠረጴዛው ላይ የከተማው የኪነት ቡድን ያሠራው የጊታር አምፕሊፋየር ተቀምጧል። ሣጥኑ ከጥይት ሣጥን ጣውላ ተገጣጥሞ ጥቁር ተቀብቷል። ከኋላው ከአሮጌ የአሉሚኒየም ድስት የተቆረጠ ቂጥ ተመትቶበት፣ ሙቀታቸውን እንዲስብላቸው ሁለት ትራንዚስተሮች በብሎን ታስረውበታል። ከፊቱ ሦስት መዘውርና አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አሉት። ጠረጴዛው ሥር የጭነት መኪና ባትሪ ተቀምጧል።

ይግዛው የሟቹን ጸጉር ገለጥ አደረገ። ከጆሮው ጀርባ አብጧል፤ ጥቂት ደም ደርቆበታል። ቀጥሎ ሬሳው የጨበጣቸውን ሽቦዎች ተከተለ። የሄዱት ወደ ባትሪው ሳይሆን ወደ ስፒከሩ ነው። ይግዛው ጎንበስ አለና የባትሪውን ሁለት ራሶች በሁለት እጁ ያዘ።

«ኧረ በማርያም፣ መቶ አለቃ!» ብሎ ጮኸ አብሮት የገባው ፖሊስ።

«አየህ፣ ምንም አልሆንኩም። አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም። የከተማው ጄኔሬተር ደግሞ ማታ እንጂ ጠዋት አይነሳም።»

ጠረጴዛው እንዳለ አቧራና የብረት ብናኝ ለብሷል። ጥጉ ላይ የታሰረው ሞርሳ፣ ከባዱ የብረት መቆንጠጫ፣ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ያበራል። የሣጥኑ ክዳን ብሎኖቹ ሳይፈቱ በቢላ ተፈልቅቋል፤ ውስጡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተቆርጣለች። ይግዛው ሽቦዋ ከየት ተነስታ የት እንደምትደርስ በዓይኑ ተከተለ።

መጀመሪያ ያነጋገረው ሬሳውን ያገኙትን የቤቷን ባለቤት፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴን ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘዋል፤ ጫፉ እርጥብ ነው።

«ቁርሱን ልሰጠው ብገባ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት፣ ልጄ።»

«ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ። ያ መብራት አንድ ቀን ይበላሃል እያልሁ ስንቴ ነገርሁት!»

«ትናንት ቡድኑ አምፕሊፋየሩን ሲሞክር እርስዎ እዚህ ነበሩ?»

«ትናንትማ ማርያም አይደለች? ዳባት እኅቴ ዘንድ ዋልሁ። የመጣሁት ሲመሻሽ ነው።»

ቀጥሎ የሴትዮዋ ልጅ ዋሴ መጣ። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ዕድሜው ሃያ አልሞላም።

«ያዘዝኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። የጎንደሮቹ አምፕሊፋየር በትልልቅ አምፖል ነው የሚሠራው፤ መብራት ይፈልጋል፣ መንገድ ላይም ይሰበራል። እኔ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ሁሉ ነገሩ ትራንዚስተር የሆነ፣ ድምፁ ሲጨመር የማይሰነጠቅ ሥራልኝ አልሁት። ሰባት ወር ፈጀበት።»

«ትጨቃጨቁ ነበር ይባላል።»

«ሦስት ጊዜ አስፈርሼዋለሁ። ‹ወፍራሙ ክር ይታፈናል› ስለው ‹የታፈነው ጆሮህ ነው› ይለኛል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያፈርሰዋል። ትናንት ስመታው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና ‹አሁን ማንም እንዳይነካው› አለ።»

የቡድኑ ድምፃዊት ውቢት ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ወደ ጦር ግንባር ሄጄ መዝፈን አልፈልግም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን አለነን ምን አድርጎኝ!»

«ስለ ትናንቱ ሙከራ ንገሪኝ።»

«ሽቦውን ፈራሁ። አለነ ሳቀብኝና ባትሪውን በእጁ ያዘው። ከዚያ እኔን፣ ዋሴንና ጓድ ሀብተ ሚካኤልን በየተራ አስያዘን። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ደግሞ ተበላሸ ብዬ ደነገጥሁ። ‹እሷ ለጌጥ ናት፣ ብትጠፋም ይጮኻል› አለኝ።»

የመጨረሻው የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ሀብተ ሚካኤል ነበር። ከኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ።

«ሰሜን ግንባር ላለው ሠራዊት ትርኢት እንድናሳይ ታዘናል። የሚሄደው ግን መሣሪያው የተሟላለት ቡድን ብቻ ነው። አምፕሊፋየር ከሌለን እንቀራለን።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«አባላቱም ወላጆቻቸውም። ባለፈው እሑድ በስብሰባ አንብቤላቸዋለሁ።»

«ዋሴ ወንድም ነበረው?»

«ታላቁ በሚሊሺያ ዘምቶ ኦጋዴን ቀርቷል። ምነው?»

ይግዛው ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበና መለሰለት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም በአለነ ክፍል ሰበሰባቸው። ሬሳው ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዷል። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ዋሴ፣ አያይዘው» አለ ይግዛው።

ዋሴ ባትሪውን አያያዘ፣ ጊታሩን ሰካ፣ መዘውሩን ዞር አደረገ። ቀይዋ መብራት አልበራችም። ጣቱ ወፍራሙን ክር ሲነካ ግን ክፍሏን የሚሞላ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከርጩማቸው ብድግ አሉ።

«መብራቱ ሳይበራ?» አሉ።

ዋሴ እጁን ክሮቹ ላይ ጫነና ድምፁን አቆመው። ይግዛው ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ።

«አለነን ኤሌክትሪክ አልገደለውም። እዚህ ክፍል ውስጥ ጠዋት ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ የለም። ጭንቅላቱ ሞርሳው ላይ ተመትቶ ነው የሞተው፤ ሞርሳው ተጠርጓል። ከዚያ አንድ ሰው አንስቶ አስቀመጠውና ሽቦ አስጨበጠው። ያ ሰው ይህ ሣጥን ይገድላል ብሎ ያምናል። ውቢት፣ ዋሴና ጓድ ሀብተ ሚካኤል ግን ባትሪውን ትናንት በእጃቸው ይዘውታል። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ሌላ ነገር ይፈጥር ነበር።»

ይግዛው የሣጥኑን ክዳን አነሳ።

«ሁለተኛ፣ ሣጥኑን የከፈተው ሰው ሊያበላሸው ነው የፈለገው፤ የቆረጠው ግን የቀይዋን መብራት ሽቦ ብቻ ነው። መብራቷ ከጠፋች ሁሉ ነገሩ የሚሞት መስሎታል። ሦስቱ ለጌጥ መሆኗን ሰምተዋል። ሦስተኛ፣ አምፕሊፋየሩ ከተበላሸ ቡድኑ ይቀራል። ይህ ለማን ይበጃል? ውቢት መሄድ አትፈልግም፤ ግን ስለ መብራቷ ታውቃለች። እንግዲህ ትናንት እዚህ ያልነበረ፣ በቡድኑ ውስጥም እንዳይሄድበት የሚሳሳለት ሰው ያለው አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።» ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ድምፁ ይበልጥ ዝቅ አለ። «ጠዋት ሳነጋግርዎ የነጠላዎ ጫፍ እርጥብ ነበር። ደሙን የጠረጉት በሱ ነው፣ እትዬ?»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ልጃቸውን እንጂ መርማሪውን አላዩም።

«ከሰል ሊገዛ ሲወጣ ጠብቄ ገባሁ» አሉ። «ሽቦውን እንደ ቆረጥሁ ደረሰብኝ። ‹እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?› ብሎ እጄን ያዘኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው፣ በእመቤቴ! ወድቆ አልነሳ አለኝ። አቅፌ አነሳሁት፤ እንደ ልጅ ቀላል ነበር። ስሙን እየጠራሁ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ…»

«እማዬ» አለ ዋሴ።

«አንዱን አፈር እንኳ ሳላለብሰው ቀረብኝ። አንተን እንዴት ልስጣቸው?»

ውቢት አፏን በሻሿ ይዛ ወጣች። ዋሴ ጊታሩን ከአንገቱ ለማውጣት ሞከረ፤ ማንገቻው ትከሻው ላይ ተያዘበት። እናቱ ቀረብ ብለው ቀስ አድርገው አወለቁለት።

ይግዛው ጓድ ሀብተ ሚካኤልን ወደ ግቢው አወጣው።

«ልጁ ይቅር» አለው። «ወንድሙ ሞቷል፣ እናቱ ሊታሰሩ ነው፣ ወዳጁ ገና አልተቀበረም። አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል ብለህ ጻፍ።»

ሀብተ ሚካኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«ድምፁን እስከ መንገዱ ድረስ ሰው ሰምቶታል፣ መቶ አለቃ። አጥሩ ላይ የቆሙትን አታያቸውም? ከመካከላቸው ማን ለማን ወሬ እንደሚያቀብል አንተም ታውቃለህ። እንደሚሠራ በሰው ፊት ያሳየኸው አንተው ነህ። አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ይግዛው ወደ አጥሩ አየ። ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ያወራሉ።

ይግዛው ዋሴ እንዲቀር ሁለት ማመልከቻ ጻፈ፤ አንዱን ለአውራጃው አስተዳደር፣ አንዱን ለግንባሩ ጉዳይ አስተባባሪ። የመጀመሪያው አልተቀበለውም። ሁለተኛው ወረቀቱን አንብቦ «አንተ መርማሪ ነህ፣ ምርመራህን ጨርሰሃል» ብሎ መለሰለት።

አለነ በማግሥቱ ጠዋት ተቀበረ። ዋሴ ከመቃብሩ ቀጥታ ወደ መኪናው ተወሰደ። ሦስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው አምፕሊፋየሩን፣ ጊታሩንና አሥራ አንድ የኪነት ቡድን አባላትን ጭኖ ወደ ሰሜን ተነሳ። በዚያው ሰዓት ይግዛው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴን በፖሊስ ላንድሮቨር አሳፍሮ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደቡብ ያዘ። ለመግደል ሳያስቡ፣ በመግፋት ብቻ እንደሆነ በምርመራ መዝገቡ ላይ አስረግጦ ጽፏል። ሌላ ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር አልነበረም።

ዳባት ደረሱ። የገበያው ሰው አህዮቹን ከመንገድ እያራቀ ሲያሳልፋቸው ሴትዮዋ ወደ ይግዛው ዞሩ።

«ልጄ፣ እስካሁን ሊማሊሞን ወርደው ይሆን?»

ይግዛው የእጅ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት አልፏል። ገደሉን ጨርሰው ቆላው ገብተዋል።

«ገና አልተነሱም ይሆናል፣ እትዬ» አላቸው።

አላመኑትም። ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።