በሰያፍ የገባው መኪና

ኢሶሙራ ታይዞ ሞቶ የተገኘው ዕድሜ ልኩን እንደ አንድያ ልጅ ባሞላቀቃት መኪናው ሥር ነው። ነጯ መኪና ሆዷን ከጋራዡ ሲሚንቶ ጋር አጣብቃ ተኝታለች። ከሥሯ የሚታየው የሰውየው ሁለት እግርና በጎኑ የወደቀ ክሪክ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር ኩዜ ሃናኤ ግን መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቁማ፣ ወደ ግቢው ሊገቡ የተንደረደሩትን ፖሊሶች በጩኸት መለሰቻቸው።

«በበሩ ማንም እንዳይገባ! በቤቱ በኩል ዙሩ!»

ማምሻውን በረዶ ጥሎ ነበር። በሩ ላይ ከአስፋልቱ ወደ ግቢው የሚያስወጣ አቀበት አለ፤ አቀበቱ ጫፍ ላይ ደግሞ የውሃ መውረጃውን ቦይ የሸፈነ ሲሚንቶ ጎብጦ ቆሟል። በረዶው ላይ የአንድ መኪና ጎማ ብቻ ገብቶ ወጥቷል። ጎማው ቀጭን ነው፤ የትንሽ ጭነት መኪና። ሲገባም ሲወጣም ጉብታውን የተሻገረው በሰያፍ ነው፤ መጀመሪያ አንደኛው ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላኛው።

ረዳቷ ኒሺጎሪ ፎቶ እያነሳ ሳቀ። ወጣት ነው፤ ሥራ ቶሎ ቢያልቅለት ይወዳል።

«ሰካራም ነው የነዳው፣ ኢንስፔክተር። በሩ ይኼን ያህል ሰፊ ሆኖ እንዴት እንደተንጋደደ ይዩት።»

ኩዜ ጎንበስ ብላ የጎማውን ዱካ መመርመር ቀጠለች። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ዝም ስትል ሥራ ላይ መሆኗን ጣቢያው ሁሉ ያውቃል።

ሐኪሙ የታይዞ ማጅራት ላይ መኪናዋ ያላደረሰችው ምት አገኘ። የሟች ሚስት ፉሚኖም አንድ ነገር አሳየቻቸው። ታይዞ መኪና ሥር ሲገባ ለጥንቃቄ የሚደግፋቸው ሁለት ወፍራም ግንዶች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር።

«ምናልባት ረስቷቸው ይሆን?» አለች ኩዜ።

«ታይዞ?» ፉሚኖ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «የሠርጋችንን ቀን ይረሳል፣ ቁምጣውን ገልብጦ ይለብሳል። ግንድ ሳይደግፍ ግን አንገቱን መኪና ሥር አስገብቶ አያውቅም።»

«ትናንት ማታ ሰው ሲመጣ አልሰሙም?»

ፉሚኖ ለመናገር አመነታች። «የጭነት መኪና ሰምቻለሁ። የኩኒዮ መስሎኝ አልወጣሁም። ሁለቱ ሲገናኙ ጩኸት ነው፤ ደከመኝ።»

ኩኒዮ የታይዞ ታናሽ ወንድም ነው። የሁለቱን ጠብ የወደቡ ከተማ ሁሉ ያውቀዋል። ታይዞ መካኒክ ነበር፤ መኪናን መሬት እስኪልስ ዝቅ ያደርጋል፤ ጎማውን ወደ ውስጥ አጋድሞ በጠርዙ ያስኬዳል። ወጣቶቹ «የጋኔን እግር» ይሉታል፣ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር እየመጡ ይሰለፉለታል። ኩኒዮ ደግሞ የመኪና ምርመራ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የወንድሙን መኪና በየጊዜው ከምርመራ ይጥላል፣ ታይዞም በየጊዜው ይሰድበዋል። በመከር ወቅት ወጣቶቹ ወደቡ ላይ ተሰብስበው ሳለ ኩኒዮ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ቀን ይቺ መኪና ትገድልሃለች! እሷ ካልገደለችህ እኔ እገድልሃለሁ!» ብሎ ነበር።

የበረዶው ላይ ጎማ ከኩኒዮ ነጭ የጭነት መኪና ጎማ ጋር ገጠመ። ከመኪናው እስከ ጋራዡ የሄደው ዱካም መኪናው ላይ ከሚጥለው የላስቲክ ቦቲ ጋር አንድ ሆነ። ኒሺጎሪ ካቴናውን መወልወል ጀመረ።

«ቁልፉን መኪናው ላይ ነው የምተወው» አለ ኩኒዮ ጣቢያ ተጠርቶ። ሰፊ ትከሻው ወርዷል። «እዚህ አገር ማን የማን ጭነት መኪና ይሰርቃል? ማታ ጠጥቼ ነበር። ጓደኛዬ ማጎሜ ነው ደግፎ ቤቴ ያደረሰኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።»

«ወንድምዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

ኩኒዮ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠ።

«ሊሞት በዋዜማው ደወለልኝ። "ኩኒዮ፣ እግሯን አቃንቼ፣ ከፍ አድርጌ ባመጣት ታሳልፍልኛለህ?" አለኝ። ሊያሾፍብኝ መሰለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።»

«ያሾፍ ነበር?»

«አላውቅም! እኔ ምን አውቃለሁ?» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ይኼን ለማን ብናገር ያምነኛል?»

ኒሺጎሪ እንዳላመነው ፊቱ ላይ ይነበባል። ኩዜ ግን ጋራዡ ውስጥ ያየችውን አስታወሰች፤ የነጯ መኪና አንዱ የፊት ጎማ እንደ ጥንቱ ተጋድሟል፣ ሌላው ግን ቀጥ ብሎ ተስተካክሏል። ታይዞ ሥራውን እኩሌታ ላይ አድርሶ ነው የሞተው። ዕድሜውን ሙሉ ያጋደመውን ጎማ ያን ምሽት ምን ሊያቃናው አነሳሳው?

በማግስቱ በረዶው ቀልጦ ነበር። የታይዞ ደቀ መዝሙር ሬይጂ ወደ ጋራዡ መጣ። ወርቃማ ጸጉር ያለው ጎረምሳ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። መኪናው በሆዷና በመሬቱ መካከል ወረቀት አታስገባም። በሩ ጋ ሲደርስ አዘገመ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ አንዱን ጎማ አስቀድሞ በሰያፍ እየተንፏቀቀ ገባ። እንዲያም ሆኖ ሆዷ ጉብታውን ፋቀው።

«መንገዱ ጠፋብህ እንዴ?» አለችው ኩዜ።

«በቀጥታ ብገባ የፊት ፓራውልቴን እዚሁ ጥዬ ነው የምሄደው፣ እትዬ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንገባው። እጃችን ለምዶታል። እናቴን ገበያ ሳደርሳት በእሷ ከፍ ያለ መኪና እንኳ በሰያፍ ገብቼ ትስቅብኛለች።»

ኩዜ ዞር ብላ ጉብታውን ረጅም ጊዜ አየችው። ኒሺጎሪ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እንግዲያው እሱ ነው!»

«የኩኒዮን መኪና አምጣና ይንዳት።»

ሬይጂ ጭነት መኪናው ላይ ወጣ። ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሹን ሲነካው መኪናው እንደ ፈረስ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፣ ደግሞ ጠፋ። ጎረምሳው አፍሮ ወረደ።

«መንጃ ፈቃዴ የአውቶማቲክ ብቻ ነው። ጋሼ ታይዞ ሁልጊዜ ይስቁብኝ ነበር። የመንጃ አስተማሪዬ ማጎሜ ራሱ ነው "አንተ ልጅ ማርሽ ባትነካ ለአገርም ይበጃል" ያለኝ።»

ኩዜ ወደ ጋራዡ ጥግ ወሰደችው። ሁለት ያረጁ ጎማዎች ተደራርበዋል፤ የውስጥ ጠርዛቸው ሽቦው እስኪታይ አልቋል፣ ውጪያቸው ግን አዲስ ነው። ከበላያቸው መደርደሪያ ላይ ሐምራዊ ቀለም የያዘ ጣሳ አለ።

«የማን ናቸው?»

«የእኛ አይደሉም። ይኼን ቁጥር ጎማ የሚያደርግ ከመካከላችን የለም፤ ሐምራዊ መኪናም የለንም። ጋሼ "የሚያፍር ደንበኛ አለኝ፣ እናንተ ስትሄዱ ነው የሚመጣው" ይሉን ነበር። ስሙን ግን አንድም ቀን አልነገሩንም።» ሬይጂ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን ደግሞ ከፍቷቸው ነበር። መጠጥ እንኳ አይቀምሱም። "እኔ ያጋደምኩት ጎማ ሰው በልቷል" አሉኝ አንድ ቀን። ሲከፋቸው የሚሉት መሰለኝ።»

ኒሺጎሪ ካሜራውን አወረደ። በመከር ወቅት ባሕሩ ዳር ባለው መንገድ መረብ እየጠገኑ የሚኖሩ ሽማግሌ ከብስክሌታቸው ጋር ተገጭተው ሞተዋል። ገጪው አልተገኘም። አስፋልቱ ላይ የቀረው አንድ የመኪና ስባሪ ብቻ ነበር፤ ሐምራዊ።

ማጎሜ ሹጂን ያገኙት በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ሜዳ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ በመስመር የተከፈለ ሰው ነው። ከኩኒዮ ጋር የልብ ጓደኛ ነው፤ የወደቡ የመኪና ስብሰባ እንዲታገድ ፊርማ ሲያሰባስቡም አብረው ነበሩ።

«ቀጥ በይ!» ይላል ለአንዲት ተማሪ። «ጉብታ ላይ ሁለቱም ጎማ እኩል ይውጣ! መኪና እንደ ሸርጣን በጎኑ አይሄድም!»

ኩዜን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ያሳዝናል። ኩኒዮ ያን ምሽት በጣም ተናዶ ነበር። ቤቱ አደረስኩትና በእግሬ ሄድኩ። ትቼው ባልሄድ ኖሮ እላለሁ።»

«ተኝቷል ብለው ነው የሄዱት?»

«የተኛ መስሎኝ ነበር» አለ በሐዘን።

«እነዚያን መኪናዎች እርስዎም አይወዷቸውም መሰለኝ።»

«ማን ይወዳል? ጎማው እንደዚያ ሲጋደም መሬት የሚነካው ጣት የምታክል ጠርዝ ናት። ፍሬን ቢይዙ አይቆምም፤ መሪው በእጅዎ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይስብዎታል። እኔ የዚያን ጋራዥ ደጃፍ እንኳ ረግጬ አላውቅም።»

ሲመለሱ ኒሺጎሪ «ጨዋ ሰው ነው» አለ። ኩዜ በመስኮት ወደ ባሕሩ እያየች ነበር። «ስለ መሪው ሲያወራ እጁ መሪ እንደጨበጠ ሲንቀጠቀጥ አይተኸዋል?» አለች። «ደጃፉን ያልረገጠ ሰው ወደ ግራ እንደሚስብ ማን ነገረው? ለማንኛውም ወደብ ሂድ። ሐምራዊ መኪና የሆነ ቦታ ተሸፍኖ ተቀምጧል።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሁሉንም ወደ ታይዞ ጋራዥ ጠራቻቸው። እሷ ከፉሚኖ ጋር በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ሬይጂ እየፋቀ በሰያፍ ገባ። ኩኒዮ የተመለሰለትን ጭነት መኪና በቀጥታ ጉብታው ላይ ሰደደው፤ ከኋላ የተጫነው ዕቃ ሁሉ ተንኳኳ። «እንዲህ ነው የሚገባው፣ ከድሮም» አለች ፉሚኖ፤ «አንድ ቀን አጥሬን ያፈርሰዋል።» ንግግሯን ሳትጨርስ ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ።

የማሠልጠኛው መኪና እየመጣ ነበር። ከመሬት ከፍ ያለች መኪና ናት፤ ድመት በሥሯ ትሾልካለች። ማጎሜ በሩ ጋ አዘገመ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ አንዱን ጎማ አስቀድሞ በሰያፍ፣ በቀስታ፣ ጉብታውን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ተሻገረ።

ኩዜ ሁሉም እስኪገባ ጠብቃ በነጯ መኪና አጠገብ ቆመች።

«ታይዞ በአደጋ አልሞተም» አለች። «ማጅራቱን ተመትቶ ነው መኪናው ሥር የተገፋው። የገፋው ሰው ታይዞ ያለ ግንዶቹ መኪና ሥር እንደማይገባ አላወቀም። ደግሞም አደጋ ነው ካልተባለ ወንጀሉ ኩኒዮ ላይ እንዲወድቅ በኩኒዮ መኪና መጣ፣ የኩኒዮን ቦቲ አደረገ።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ኩኒዮ።

«በረዶው ነግሮናል። የእርስዎ መኪና በሰያፍ ነው የገባችው። ኒሺጎሪ ስካር ነው አለ። ሰካራም ግን ሲገባም ሲወጣም አንድ ዓይነት አድርጎ፣ አንዱን ጎማ አስቀድሞ አይሻገርም። ያ ሰው ሳያስበው እጁ ነው ያደረገው። ይኼን በር ዝቅ ባለ መኪና ደጋግሞ የገባ እጅ ነው።»

ዓይን ሁሉ ሬይጂ ላይ አረፈ። ጎረምሳው አመዱ ቡን አለ።

«እሱ ማርሽ አይችልም፤ አይቻለሁ» አለች ኩዜ። «ስለዚህ ሌላ ዝቅ ያለ መኪና፣ ሌላ ባለቤት አለ። ጎማዎቹ እዚያ ጥግ ናቸው፣ ቀለሙ መደርደሪያው ላይ። ታይዞ ያን መኪና ሲጠግን መረብ ጠጋኙን ሽማግሌ ገጭቶ እንደመጣ አላወቀም ነበር። ኋላ ሲያውቅ "እጅህን ስጥ" አለው። የራሱንም መኪና ማቃናት ጀመረ። ባለቤቱ ደግሞ እጁን መስጠት አልፈለገም። ያን ምሽት ኩኒዮ ሰክሮ እንደተኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማጎሜ፣ ይኼን ጋራዥ ረግጠው አያውቁም?»

«በፍጹም።»

«ታዲያ አሁን ለምን በሰያፍ ገቡ?»

ማጎሜ አፉን ከፈተ። ወደ በሩ ዞረ፣ ጉብታውን አየ፤ ከዚያ እጆቹን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አያቸው።

«የ... የልማድ ጉዳይ ነው። ይኼ ምንም አያረጋግጥም።»

«ልክ ነዎት። ወደቡ ጋ ያለ የኪራይ መጋዘን ውስጥ ሐምራዊ መኪና አግኝተናል። የተከራየው ኦቺአይ ቶሜ በሚባል ስም ነው። የእናትዎ ስም ማን ነበር?»

ማጎሜ ጎማዎቹ ወዳሉበት ጥግ አፈገፈገ።

«ቶሜ ነበሩ፤ ኦቺአይም ከማግባታቸው በፊት የነበራቸው የቤተሰብ ስም ነው» አለ ኩኒዮ ቀስ ብሎ። «ቀብራቸው ላይ ሣጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ማጎሜ... ደግፈኸኝ ቤቴ ያስገባኸኝ ለዚህ ነው?»

ማጎሜ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጠ። «ቀኑን ሙሉ ቀጥ በሉ፣ ቀጥ በሉ እያልኩ እውላለሁ» አለ። «ሐምራዊቷ መኪና ውስጥ ስገባ ብቻ ነበር ሰው የምሆነው። ታይዞ ይኼን ያውቅ ነበር። ከእኔ ጋር እያለቀሰ እጅህን ስጥ አለኝ።»

ሬይጂ ዘሎ ሊይዘው ሲል ኩዜ በክንዷ ገታችው። ኒሺጎሪ ካቴናውን አወጣ፤ በዚህ ጊዜ አልወለወለውም።

ፀደይ ሲገባ ነጯ መኪና ከፖሊስ ተመለሰች። ኩኒዮ መሪውን ጨብጦ ጋራዡ ውስጥ ብዙ ተቀመጠ። አንዱ ጎማ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተጋደመ ነው። ሬይጂ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«ወደ ምርመራው ነው የሚወስዷት፣ ጋሼ ኩኒዮ?»

«ነገ አቃናታለሁ። የታይዞ ቃል ነው። ነገ ራሴ መርምሬ አሳልፋታለሁ።» ኩኒዮ ሞተሩን አስነሳ። «ዛሬ ግን እንዳለች እስከ ባሕሩ ልውሰዳት። አንድም ቀን አብሬው ወጥቼ አላውቅም።»

በሩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጉብታው ላይ በቀጥታ ሊሰድዳት ነበር። ፍሬን ያዘ። ከዚያ መሪውን ጠመዘዘ፣ አንዱን ጎማ አስቀደመ፣ ወንድሙ ሠላሳ ዓመት እንደወጣው ቀስ ብሎ በሰያፍ ወጣ። ሆዷ ጉብታውን ሲፍቀው ኩኒዮ ጮክ ብሎ ወንድሙን ተሳደበ፤ ዓይኑን ጠርጎ እስኪጨርስም አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቆየ።