ሰባት ሰከንድ

እኔ ወሬ አያልቅብኝም። በቀለም ፋብሪካው ላቦራቶሪ አራት ዓመት ስሠራ፣ የቀለም ውፍረት ከምለካበት መሣሪያ ጋር ሳይቀር አወራ ነበር። ሥራዬን ለቅቄ እጩ መምህርት የሆንኩ ጊዜ አብረውኝ የሚማሩት ገና በሁለተኛው ሳምንት «ሬዲዮ» የሚል ስም አወጡልኝ። ቅር አላለኝም። የተመዘገብኩትም አፌን ተማምኜ ነበር።

ነገሩ ያልተዋጠለት አባቴ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ስለሆነ፣ ደህና የሚሠራ ሞተር የሚያወርድ ሰው አይገባውም። አለቃዬ ዓመቱ እስኪያልቅ ቦታዬን ለሌላ እንደማይሰጥ ነግሮኝ ስለነበር፣ አባቴ ነጩን የላቦራቶሪ ጋውኔን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ከበሩ ጀርባ ሰቀለው። ትምህርቱ ካልተሳካ ያለ አንዳች ክርክር ወደ ፋብሪካው እመለሳለሁ፤ ስምምነታችን ይሄ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ጋውኑ እጅጌውን ያወዛውዝብኛል።

አባቴ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። የገባሁበት የድህረ ምረቃ የመምህራን ትምህርት ፕሮግራም ሊዘጋ አንድ ሐሙስ የቀረው ነበር። ለዓመታት ተማሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ስለ ማስተማር ሲጽፉ ይከርሙና መጨረሻ ላይ ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት ይላካሉ፤ ሥራ ከያዙ በኋላ ዓመት ሳይሞላቸው ይሸሻሉ። አስተባባሪያችን ዶክተሯ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ አጭር ሴት፣ ይህንን ከሥሩ አፍርሰው እንደገና ለመሥራት የአንድ ዓመት ፈቃድ አገኙ። የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። በሳምንት አራት ቀን ትምህርት ቤት፣ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ። በዓመቱ መጨረሻ ገምጋሚዎች መጥተው ካጸደቁት የማስተማር ፈቃድ እናገኛለን፤ ካላጸደቁት የእኛንም ዓመት ውኃ በላው።

ዶክተሯ እያንዳንዳችንን ከአንድ ሰው ጋር አጣመሩን። እኔን ያጣመሩኝ ከቀያሹ ጋር ነው። ለመንገድ ሥራ ስድስት ዓመት መሬት ሲለካ ኖሮ የሒሳብ መምህር ሊሆን የመጣ፣ ረጅም፣ አንገቱን ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። የምዝገባው ቀን ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ጸሐፊዋ፣ ስለ ሙቀቱ አሥር ደቂቃ ሙሉ አወራሁት፤ እሱ የመለሰልኝ አንድ «እሺ» ብቻ ነው። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ብዬ ሄድኩ። ያቺን «እሺ» ግን ሳምንቱን ሙሉ አልረሳኋትም፤ መዋሸት ምን ያደርጋል።

ደንቡ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ አንዳችን ስናስተምር ሌላችን ከኋላ ተቀምጠን የምልከታ ቅጽ እንሞላለን። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ የተጠየቀው ጥያቄ፣ መልሱ የተጠበቀበት ሰከንድ፣ መላሽ። ከታች ለተጨማሪ አስተያየት ሁለት መስመር ተትቷል። ሁለታችንም ከፈረምንበት በኋላ ማህደር ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያ ትምህርቴ ስለ አሲድ ነበር። ክፍሉን ሁለት ጊዜ አሳቅሁት፤ ሰሌዳውን ሞላሁት፤ ደወሉ ሲደወል በደስታ መሬት አልረግጥ አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ቀያሹ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሃያ ሰባት ጥያቄ ጠይቄአለሁ። የሰከንዱ ዓምድ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ ይላል። የመላሹ ዓምድ ላይ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፉ «መምህርቷ»፣ «መምህርቷ»፣ «መምህርቷ» እያለ ይወርዳል። ቆጠርኩት፤ ሃያ ሁለት ጊዜ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«የለካሁት ነው።»

«ጥሩ ነገር አላየህም ማለት ነው?»

እንደማይመልስልኝ ገምቼ ልሄድ ስል፣ «ልጆቹ ይወዱሻል» አለኝ። «ግን ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ትቀድሚያቸዋለሽ።»

ፈርሜ ወረቀቱን አስታቀፍኩትና ሄድኩ። ሦስት ቀን ሬዲዮው ተዘጋ።

ብድሬን የመለስኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እሱ ሲያስተምር ከኋላ ተቀመጥኩ። መጠበቅስ ይጠብቃል፤ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ዘር ዘርቶ የሚያጭድ ያህል ይቆማል። ግን የሚጠብቀው ሰዓቱን ወይም ወለሉን እያየ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቀና ይልና የልጆቹን ጭንቅላት ሁሉ ዘሎ ወደ እኔ ያያል። ተጨማሪ አስተያየት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «መምህሩ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተማሪዎቹን ሁለት ጊዜ፣ ተመልካቿን ዘጠኝ ጊዜ አይቷል።»

ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ጆሮውን እያሸ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመርን። እኔ ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በጣቶቼ እስከ ሰባት መቁጠር ተማርኩ። ሰባት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ወሬኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱን ደግሞ ፊት ማየት አስተማርኩት፤ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ እንዲሄድ፣ ልጁን በስሙ እንዲጠራ፣ መልሱ ቢሳሳትም እንዲያመሰግን። ተማሪዎች ሲወጡ ወንበሮቹ በጠረጴዛዎቹ ላይ ተገልብጠው ባሉበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የነገውን እንለማመዳለን። አንድ ቀን እየተለማመድን ጥያቄ ጠይቄው ሰባት ስቆጥር ፊቱን ሳየው ቆየሁ፤ ስምንት፣ ዘጠኝ አለፈ። ወደድኩት። ለማወቅ የማንም አስተያየት አላስፈለገኝም።

አንድ ያልተፈታ ነገር ነበረኝ። መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሌሎቹ መምህራን ትተዋታል። እኔ አልተውኳትም፤ እሷም አልተናገረችም።

ግምገማው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዶክተሯ ጠሩን። ገምጋሚዎቹ የሚያነቡት ማህደር የእኛ ነው፤ የተሟላው እሱ ብቻ ነው አሉ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ይገኛሉ፤ የኬሚስትሪ መምህርት ይፈልጋሉ። ቤተሰብም ተጋብዟል። ከቢሮው ስንወጣ ነው የገባኝ። አባቴና ሊቀጥሩኝ የሚችሉት ሰው ፊት «መላሽ፦ መምህርቷ» ሃያ ሁለት ጊዜ ሊነበብ ነው። ያ ስለ ዘጠኝ ጊዜ የጻፍኩት ነገርም አለ።

ሁለቱን ወረቀቶች እናውጣቸው አልኩት። ማን ያውቃል? ከሠላሳ ወረቀት ሁለት ነው።

«የለካሁትን አላወጣም» አለ።

«እኔ ወደ ፋብሪካ ብመለስ ግድ የለህም ማለት ነው። ወረቀት ይበልጥብሃል።»

ዝም አለ። ልማዱን አውቃለሁ፤ መልስ እያሰናዳ ነበር። ዓመት ሙሉ መጠበቅ የተማርኩት ሴትዮ ግን ያን ቀን አንድ ሰከንድ እንኳ አልጠበቅሁትም። ጥዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ዶክተሯ ቢሮ ገብቼ ማህደሩን ጠየቅሁ። ወረቀቶቹን ላወጣ ነው የሄድኩት፤ አልደብቅም። የመጀመሪያውን ሳብ አደረግሁና ከሥሩ ያለውን ሳላስበው አነበብኩት። ቀጥሎም ያለውን። ሃያ ሰባት ጥያቄ ሃያ ሆነ፣ ከዚያ አሥራ አራት፣ ከዚያ ዘጠኝ። ሰከንዱ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ሆነ። «መምህርቷ» የሚለው ቃል እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ በቦታው የተማሪዎቼ ስም ገባ፤ ቀያሹ እሱ የማያስተምራቸውን ሠላሳ ስምንት ልጆች ስም አንድ በአንድ ያውቃል። የመጀመሪያው ወረቀት ከወጣ የመጨረሻው ምንም አይናገርም። እዚያው ቆሜ በራሴ ኮራሁ፤ ሃያ ሁለቱንም «መምህርቷ» ጨምሮ። መልሼ አስገባሁት።

ለእሱ ግን አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ሁለታችንንም ኩራት ያዘን።

የግምገማው ቀን ሦስት ሰዎች ክፍሌ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ቀያሹ ከጎናቸው ቅጹን ይዞ ተቀምጧል። ስለ ዝገት እያስተማርኩ፣ የክፍላችን መስኮት ብረት ከታች ብቻ ለምን እንደዛገ ጠየቅሁ።

አንድ፣ ሁለት። ማንም የለም። በአራት ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አነሱ። በአምስት ምላሴ ይበላኝ ጀመር። በስድስት አባቴ የሰቀለው ጋውን ታየኝ። ሰባት።

«ዝናብ ሲመታው ውኃው የሚጠራቀመው ከታች ነው» አለች የመስኮቷ ልጅ፣ ቀስ ብላ። «ላይኛው ቶሎ ይደርቃል። በየቀኑ አየዋለሁ።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። አመስግኜ መድረቁ ለምን ዝገትን እንደሚከለክል ጠየቅኋት፤ እሱንም መለሰች።

ከሰዓት አዳራሽ ተሰበሰብን። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ሰብሳቢዋ ማህደሩን ገልጠው የመጀመሪያውን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ። ሰው ሳቀ። ልክ ነው አልኩ፤ ያ ወረቀት ባይጻፍ ዛሬ ጠዋት ያያችሁት ክፍል አይኖርም ነበር። ርእሰ መምህሩ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰብሳቢዋ ገጹን ገለጡ። «ተማሪዎቹን ሁለት ጊዜ፣ ተመልካቿን ዘጠኝ ጊዜ አይቷል» ብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወረዱ። «ይሄ ምልከታ ነው ወይስ ቀልድ? ጥንዶቹ የሚሠሩት እንዲህ ከሆነ ይህን ማህደር ማመን ይቸግረናል።»

የዶክተሯ እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጨበጠ። ቀያሹ ተነሣ። ተነሥቶም ዝም አለ። መናገር አማረኝ፤ ጣቶቼን ወደ ኋላ አድርጌ ቆጠርኩ።

«ስህተት አለበት» አለ።

የጻፍኩትን ሊክድ ነው ብዬ አሰብኩ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ እየጻፈች ስለነበር አላየችኝም። ሌላው ትክክል ነው። የቀሩትን ገጾች ቢያዩ፣ ከዚያ ሳምንት በኋላ ተማሪዎቼን ማየት ተምሬአለሁ። እሷንም ማየት አልተውኩም። ያ ግን ቅጹ ላይ ዓምድ የለውም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ገጽ ገለጡ። ከዚያ የሆነ ነገር ጻፉ።

ሲመሽ ፕሮግራሙ ለአምስት ዓመት ጸደቀ። ያሳመናቸው መጥፎዎቹ ወረቀቶች ከቦታቸው አለመነሣታቸው እንደሆነ ሰብሳቢዋ ተናገሩ፤ እኔና ቀያሹ ተያየን፤ እሱ ከእኔ ቀድሞ አቀረቀረ። ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቴያቸው እየተሰማ ወጡ። ርእሰ መምህሩም የቅጥር ደብዳቤዬን እንድወስድ ለሰኞ ቀጠሩኝ።

አባቴ ቀያሹን ከእግር እስከ ራሱ አየውና መሬት መለካት ይሻላል ወይስ ልጅ ማስተማር ብሎ ጠየቀው። ቀያሹ እንደ ልማዱ ዝም አለ።

«ልጁ ይናገራል እንዴ?» አለኝ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«ሲያስፈልግ።»

«አዎ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰማሁት።» ትንሽ አሰበና፣ «ጋውኑን አልጥለውም» አለ። «የኬሚስትሪ አስተማሪም ይለብሰዋል አይደል?» ከዚያ ወጥቶ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች እያስቆመ ልጁ መምህርት መሆኗን ሲነግር በመስኮት አየሁት።

ቦርሳዬን ልወስድ ወደ ክፍሌ ስመለስ ቀያሹ ተከተለኝ። ወንበሮቹ ተገልብጠዋል። ጥዬህ የሄድኩ ቀን ምን ልትለኝ ነበር ብዬ ጠየቅሁት፤ እኔም ጠበቅሁ።

«የመጀመሪያውን ወረቀት የምወደው መሻሻልሽ የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ ነው ልልሽ ነበር» አለ። ከዚያ፣ «ታገቢኛለሽ?» አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ግን ሙያ ሙያ ነው፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። አራት ላይ ስደርስ ያ ቃል የሚቆጥበው ሰው ተፈታ፤ እዚህ አጠገብ ቤት አይቷል፣ አባቴን ደግሞ በደንብ ያናግረዋል፣ ምግብ ማብሰልም አያቅተውም፣ ማለቴ…

«ቆይ» አልኩት። «ገና አራት ነው።»

አፉን ገጠመ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ፤ ደህና አድርጌ ነው ያስተማርኩት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

እሺ አልኩት።

ከዚያ አንድ ባዶ ቅጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጥያቄ፦ አንድ። የተጠበቀው፦ ሰባት ሰከንድ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ በዚያ ዓመት ካሳፈረኝ ቃል ሌላ የሚስማማ አጣሁና ደመቅ አድርጌ ጻፍኩት፦ «መምህርቷ።» ሁለታችንም ፈረምን።