የእህት ፊርማ

ከእባብ ይልቅ እህትን ፍሩ ብል ትቆጡኝ ይሆን? እዚህ ኒውዚላንድ፣ ኔልሰን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የጡረተኞች መንደር ሁለት እህትማማቾች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ታላቅየዋ ኖሊን፣ ታናሽየዋ ቫልዳ ይባላሉ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ኖሊን ባል ሳታገባ፣ ወግ ማዕረግ ሳታይ፣ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ እጇ እስኪሰነጣጠቅ ሠርታ ታናሿን አሳደገች። የኖሊን ቤት ባሕሩን ያያል፤ የቫልዳ የመኪና ማቆሚያውን። ቫልዳ በዚህ ስትቃጠል ኖረች። በሰባ ስምንት ዓመቷ በመስኮት የምትቀና አሮጊት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኋላ ኖሊን መርሳት ጀመራት። አንድ ጠዋት ድስት ጥዳ ወጥታ ቤቱ በጭስ ታፈነ።

"ቫልዳዬ፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ። ካወቁ ያስወጡኛል" አለች ኖሊን።

"አንቺ ደግሞ! እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?"

ይህን ባለች በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ አንድም ሳታስቀር ዘከዘከችው! ነዋሪ ራሱን ችሎ መኖር ካቃተው ውሉ እንደሚቋረጥ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሐኪሞች መርምረው "ብቻዋን መኖር አትችልም" ብለው ጻፉ። የኖሊን ውክልና በቫልዳ እጅ ነበርና ውሉን ያፈረሰችውም እሷው ሆነች። ያ ቅቤ አንጓች ሥራ አስኪያጅ "ለእሳቸው ደኅንነት ሲባል ነው" እያለ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ እመቤት ቫልዳ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ቤቱን ለእኔ ታደርጉልኛላችሁ?"

አደረጉላት። ኖሊን እያለቀሰች ወደ መጦሪያ ተወሰደች። ቫልዳ ልትጠይቃት የሄደችው ከወር በኋላ፣ ያውም የሰው አፍ ፈርታ ነው። ኖሊን ትክ ብላ አየቻት።

"እመቤቴ፣ እህቴን ያውቋታል? ቫልዳ ትባላለች። ባሕር ስለምትወድ ለልደቷ ቤት እንቀያየር ልላት ነበር... ሳልነግራት አመጡኝ።"

"ኖሊኔ! እኔ እኮ ነኝ! ቫልዳ ነኝ!"

"አይ፣ አይደሉም። የኔ ቫልዳ እዚህ ጥላኝ አትከርምም።"

ክረምቱ ሳይወጣ ኖሊን ሞተች። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ እህቷን እንደጠበቀች... ቫልዳም ዛሬ ባሕሩ ፊት መጋረጃ ዘግታ ተቀምጣለች። የመንደሩ ሰው "ዕጣ ፈንታ ነው" እያለ ያጽናናታል። የምን ዕጣ? ዕጣ እስክሪብቶ ጨብጦ ይፈርማል እንዴ!