የኢክራም ቢጫ ሻሽ እና ትንሹ ባቡር

ኢክራም የምትኖረው ድሬዳዋ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ባቡር ሲያልፍ ቤታቸው ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይጨፍራል። «ቅጭል ቅጭል ቅጭል!»

ከቤታቸው ፊት ለፊት ሁለት ሐዲዶች አሉ። ትልቁ ሐዲድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትንሹ ሐዲድ ግን እጥፍ ይልና ከኮረብታው ጀርባ ይጠፋል።

ትልቁ የት እንደሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቃል። ትንሹስ?

«እማዬ፣ ትንሹ ሐዲድ የት ያልቃል?»

«እንጃ ልጄ፣ ሩቅ ነው መሰለኝ» አለች እናቷ፣ ልብስ እያሰጣች።

«አባዬ፣ ትንሹ ሐዲድ የት ያልቃል?»

አባቷ አገጩን አከክ አከክ አደረገ። «እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም። ቅዳሜ ሄደን እንየው?»

ከዚያ በኋላ ኢክራም እስከ ቅዳሜ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ቢጫ ሻሽ አሰረችላት። ሻሹ እንደ በሰለ ሙዝ ቢጫ ነው። ከሩቅ ይታያል።

ኢክራምና አባቷ የተሳፈሩበት ትንሹ ባቡር እውነትም ትንሽ ነው። ፉርጎው አንድ ብቻ ነው። እሱም ውስጥ ሰው፣ ዶሮ፣ ሽንኩርት እና አንዲት ፍየል ተጭነዋል።

ሾፌሩ ጋሽ ሙሜ ይባላሉ። ጢማቸው ትልቅ ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከጢማቸው ይበልጣል።

«የት ነው የምትወርጂው?» አሏት።

«ሐዲዱ የሚያልቅበት!»

ጋሽ ሙሜ ወደ ሰማይ ጠቆሙ። «እንግዲያው ስሚኝ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ፣ የትም እንሁን የት፣ ባቡሩ ይመለሳል። አለዚያ ይመሽብናል። መንገድ ላይ ብዙ ካልቆምን እንደርሳለን። ብዙ ከቆምን ግን አንደርስም።»

«ጡ…ጥ!» አለ ባቡሩ። «ዱካክ ዱካክ! ዱካክ ዱካክ!»

ከኮረብታው ጀርባ ታጠፉ። ኢክራም ይህን አገር አይታው አታውቅም። አሸዋ፣ ግራር፣ ደግሞ አሸዋ።

አንድ ጉድጓድ አጠገብ ውሃ የሚቀዱ ልጆች እጃቸውን አወዛወዙላት። ኢክራምም እጇን አወዛወዘች። ግን እጇ ትንሽ ነው፤ ማን ያየዋል?

ሻሿን ፈታችና በመስኮት አውለበለበችው።

«ሲ…ጥ!» ባቡሩ ቆመ።

ጋሽ ሙሜ አንገታቸውን አወጡ። «ወራጅ ማነው?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወራጅ የለም።

«ጨርቅ ያውለበለበ ሰው አለ እኮ! ወራጅ ማነው?»

በዚህ መስመር ጣቢያ የለም፤ ደወልም የለም። መውረድ የፈለገ ሰው ጨርቅ ያውለበልባል፤ መሳፈር የፈለገም ጨርቅ ያውለበልባል። ኢክራም ይህን ከየት ትወቀው?

«እኔ ነኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሰላም ልላቸው ብዬ ነው።» በጣም አፈረች።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ፍየሏም «ሜ…ኤ!» አለች።

ጋሽ ሙሜ ፀሐይዋን አየት አደረጉ። «በይ አቦ፣ ከእንግዲህ ሰላምታው በእጅሽ ይሁን።»

ኢክራም ሻሿን አጣጥፋ ላዩ ላይ ቁጭ አለችበት።

«ዱካክ ዱካክ! ዱካክ ዱካክ!» ዝንጀሮዎች አለፉ። ኢክራም ሻሿ ላይ ቁጭ!

«ዱካክ ዱካክ! ዱካክ ዱካክ!» ግመሎች አለፉ። አንዱ ግመል እንዲያውም አፉን ከፍቶ አያት። ኢክራም አሁንም ሻሿ ላይ ቁጭ!

አንድ ትልቅ ግራር ሥር አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዎቿ ወረደች። ግራሩ ጥላ ውስጥ ፓፓያ ይሸጣል።

«ፓፓያ ይዤ ልምጣ። ከዚህ እንዳትነሺ» አለ አባቷ። ዘሎ ወረደ።

አባቷ ፓፓያ ሲገዛ አይቸኩልም። ያሸተዋል፣ ይጫነዋል፣ ያገላብጠዋል፣ መልሶ ያሸተዋል።

«ጡ…ጥ!» ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

«ቆይ! ቆይ!» አባቷ ፓፓያውን ታቅፎ ሮጠ። ባቡሩ ይንጓጓል፤ ጋሽ ሙሜ አልሰሙም።

ባቡሩ እንደገና ከቆመ ፀሐይዋ ትቀድማቸዋለች። የሐዲዱን መጨረሻ ሳታይ ልትመለስ ነው። ግን አባዬ!

ኢክራም ሻሿን ከሥሯ መዘዘች። በሁለት እጇ ይዛ በመስኮት አውለበለበች፣ አውለበለበች፣ አውለበለበች።

«ሲ…ጥ!» ባቡሩ ቆመ።

«ወራጅ ማነው?»

«ወራጅ የለም! አባዬ ቀርቷል!»

አባቷ እያለከለከ ደረሰ። በዚህ ብብቱ ፓፓያ፣ በዚያ ብብቱ ፓፓያ። ኢክራም ከነፓፓያው አቀፈችው።

«ፈርቼ ነበር» አለችው።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ አባቷ።

ጋሽ ሙሜ ወርደው መሬቱን አዩ። ጥላቸው እግራቸው ሥር ገብቷል። «ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳለች። መመለሳችን ነው።»

ኢክራም ሐዲዱ ወደሚሄድበት አየች። አላለቀሰችም፤ ግን ትንሽ ነው የቀራት።

ጋሽ ሙሜ ጢማቸውን አሻሹ። «ባቡሩ ነው እንጂ የሚመለሰው፣ እግር ያለው ሰው ምን ከለከለው? ጫፉ ከዚያ ዛፍ ጀርባ ነው። እስክትመጡ እኔ ሻይ ልጠጣ።»

ኢክራምና አባቷ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከሐዲዱ ሥር ከተጋደመው አንዱ እንጨት ወደ ሌላው እንጨት፣ «እ…ፕ! እ…ፕ!» እያሉ በሐዲዱ ላይ ሄዱ።

ከዛፉ ጀርባ ሐዲዱ አለቀ። በቃ፣ አለቀ። አንድ የድንጋይ ክምር፣ አንድ ቤት፣ አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ።

የመጨረሻው ብረት ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ስሟ ቶልቱ ነው።

«በዚህ ሐዲድ ነው የመጣችሁት?» አለች ቶልቱ። «እኔ አባቴን ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ። የት ነው የሚያልቀው?»

ኢክራም አባቷን አየችው። አባቷም እሷን አያት።

«እኛ ቤት ፊት ለፊት ነው» አለች ኢክራም። «ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቻችን ይጨፍራሉ።»

ብረቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፓፓያ በሉ። ጭማቂው በአገጫቸው ወረደ፤ ጫጩቶቹ ፍሬውን ለቀሙ።

«ጡ…ጥ!» ጋሽ ሙሜ ሻያቸውን ጨርሰዋል።

ባቡሩ ሲሄድ ቶልቱ ከሩቅ ታየች። ኢክራም አወዛወዘችላት። በእጇ ብቻ!

ማታ እናቷ አልጋ ላይ አስተኛቻት። «ታዲያ፣ ትንሹ ሐዲድ የት ያልቃል?»

«ቶልቱ ቤት» አለች ኢክራም እያዛጋች። «ለቶልቱ ደግሞ እኛ ቤት።»

እናቷ መብራቱን አጥፍታ ወደ በሩ ሄደች። ዞር ስትል፣ በበሩ በሚገባው ብርሃን፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ቢጫ ነገር ይውለበለባል።

እናቷ ቆመች። እራት ላይ ወሬውን ሁሉ ሰምታለች።

«ወራጅ ማነው?»

«ወራጅ የለም። አንድ መሳም ቀርቷል።»

እናቷ ተመልሳ ጉንጯን ሳመቻት።

ከውጭ «ጡ…ጥ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ቅጭል ቅጭል ቅጭል!» አሉ ብርጭቆዎቹ። ኢክራም ግን አልሰማችም፤ ሻሿን ይዛ ተኝታለች።