ሃያኛው ጋን

መርማሪ ታክ ጉምሄ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከአያቷ ጓዳ በር ሥር ተቀምጣ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምታ ነበር። አንዷ አያቷ ነበረች። ሌላዋ ማን እንደነበረች ጠፍቷታል።

«ባልሽን የሰደበችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

«እሷው ናት።»

«እና ዝናቡ ሲመጣ ሮጠሽ ጋኖቿን ከደንሽላት?»

«ምን ላድርግ? እሷ ገበያ ሄዳለች፤ ጋኖቹ አፋቸውን ከፍተው ሰማይ ያያሉ።»

«ሁሉንም?»

የዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከአእምሮዋ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ሳቅ እንደነበረ ብቻ ታስታውሳለች። ወሬው ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላስፈለጋትም፤ አንድ የግንቦት ቀን ከሰዓት በኋላ በደቡብ ኮሪያ፣ ከጂሪ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ኡንጎክ መንደር እስክትጠራ ድረስ።

የሰማንያ አንድ ዓመቷ እማማ ፕዮ ቡንሬ በጓሯቸው፣ ከድንጋይ በተሠራው የጋኖች መደብ ላይ፣ ከትልልቆቹ ጋኖች ጀርባ ተንጋለው ተገኝተዋል። ጭንቅላታቸው ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ዝናቡ ፊታቸውን አጥቦ ንጹሕ አድርጎታል። አፋቸው ውስጥ ውሃ አቁሯል።

«ወዲያው አልሞቱም» አለ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። «ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ በሕይወት ነበሩ። ሰው ቢጠራ ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም። አይተርፉም ብዬም አልምልም።»

ታክ ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን ለጸሎት አንቀሳቀሰችና ተንበረከከች። መዳፏን ከአስከሬኑ ጀርባ ሥር አስገባች። ድንጋዩ ደረቅ ነው፤ አቧራው እንኳ በጣቷ ላይ ቀረ።

ከዚያ ጋኖቹን አየች። የተቀቀለውን አኩሪ አተር ወቅጠው፣ አድርቀው፣ በጨው ውሃ ዘፍዝፈው ለዓመታት የሚያብላሉት ጃንግ ያለባቸው ሃያ ጋኖች ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሆድ ላይ ክፉ ነገር እንዳይቀርብ ከነጭ ወረቀት የተቆረጠ ካልሲ ተዘቅዝቆ ተለጥፏል። አሥራ ዘጠኙ ተከድነዋል። ሃያኛው፣ ከመጨረሻው ጥግ ያለው ትንሹ ጋን፣ አፉ ክፍት ነው፤ በዝናብ ውሃ ተሞልቷል። ወረቀቱ ተንሸራትቶ ሙጫው እንደ ወተት ይንጠባጠባል።

ከሟቿ ራስጌ ያለውን የትልቁን ጋን ክዳን አነሳች። የጋኑ ከንፈር ላይ በጥቁር ጃንግ የታተመ የአራት ጣት ምልክት አለ። ክዳኑን የተኛ ልጅ እንደማይቀሰቅስ ሰው አድርጋ መለሰችው።

ሐዘን ቤት የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድምና ምራቲቱ ዮንሺም ምድጃው ላይ ናት። ጃንጉን በወንፊት እያጠለለች ወደሚፈላው ውሃ ለቀቀችው፤ ዝኩኒውንና የአኩሪ አተር አይብ የሆነውን ቶፉ ከተፈች።

«ይሄ ጃንግ ከየትኛው ጋን ነው?» አለች ታክ በዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ።

ዮንሺም ከሩዝ ጆንያው ጀርባ ቡናማ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈበት ነው።

«ከሱፐርማርኬት። ከጋኖቹ የሚቀዱት እማማ ብቻ ናቸው። በማንኪያ ቆጥረው ይሰጡኛል። ዛሬ የሚቆጥርልኝ የለም።»

«እሳቸው እኮ ሞተዋል።»

«አውቃለሁ። እጄ ግን ገና አላወቀም።»

«ሃያኛውስ ጋን የማን ነው?»

«የእኔ። በየዓመቱ አንድ ጋን እንድሠራ ይፈቅዱልኛል። ሲደርስ በጣታቸው ይቀምሱና 'ዓሣ ዓሣ ይላል' ይሉኛል፤ የደሴት ልጅ ስለሆንኩ። ከዚያ ከጥዱ ሥር ተንበርክኬ በእጄ እየዛቅኩ እደፋዋለሁ። ቤተሰቡ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያያል።»

«ስንት ጊዜ ደፋሽ?»

«አሥራ አንድ። ዛሬ የአሥራ ሁለተኛው መቅመሻ ነበር።»

«ዝናቡ ሲመጣ የት ነበርሽ?»

«ከኮረብታው ባሻገር፣ ማሳ ላይ። ደመናውን ሳይ ለጋኖቹ ብዬ ሮጥኩ፤ መንገድ ላይ ያዘኝ። በማሳው በኩል ባለው የጎን በር ስገባ ተከድነዋል። እማማ ከደኗቸው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አመሰገንኩ! ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ስወጣ የእኔው ጋን ክፍት ሆኖ አየሁት። ልከድነው ስሄድ... እግራቸውን።»

ጎረቤቷ ጆምሬ ጥያቄ እስኪመጣላት የምትጠብቅ ሴት አይደለችም።

«እኩለ ቀን ላይ አይቻቸዋለሁ፤ ሃያውም አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይጠጣሉ። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ በአጥሩ ብቅ አልኩ። ተከድነዋል። ተመልሼ ገባሁ።»

«ባይከደኑስ ኖሮ፣ እትዬ?»

«ዘልዬ እከድናቸው ነበራ! ከቡንሬ ጋር ከተኮራረፍን ሦስት ዓመታችን ነው፤ በአንዲት ዶሮ። ጋን ግን ሌላ ነው።»

«ትንሹ ጋን ክፍት ነበር።»

«ከትልልቆቹ ጀርባ ነው፣ ከእኔ በኩል አይታይም።» ወደ ጓዳው ሰርቃ አየች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዮንሺምን 'ሙሽሪት' ብላ መጥራቷን አልተወችም። «ሙሽሪትን አልከስም። ግን ሰው ድንጋይ አይደለም። እኔ ብሆን ገና በሦስተኛው ዓመት ነበር የምገፋት!»

የሟቿ ሴት ልጅ ኦክሂ ሴኡል ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ዓይኗ አብጧል፤ ቀለም የተቀባው ጥፍሯ ግን አልተነካም።

«ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የደረስኩት» አለች። «በር ላይ መኪናዬን ሳቆም ጩኸት ሰማሁ።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«መጠርጠር ያስፈልጋል? ያቺ የዓሣ ቅርጫት ናታ! እናቴ ዛሬም እንደምታስደፋት ታውቃለች። ገፋቻት፤ አለቀ።»

ታክ አመስግና ወደ በሩ ወጣች። የጫማዋን ክር ልታስር ከኦክሂ መኪና አጠገብ አጎነበሰች። ጫማዋ ክር አልነበረውም።

የሟቿ ወንድ ልጅ ዶክሱ፣ የዮንሺም ባል፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ውሎ ነው የመጣው፤ የጥርስ ሐኪሙም መስክሯል። ግራ ጉንጩ በማደንዘዣ ደንዝዟል፤ እናቱን ሲያይ በግማሽ ፊቱ ብቻ አለቀሰ። ከዚያ ሚስቱን ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ አገኛት።

«'ጋኖቹን እኔ ነኝ የከደንኩት፣ እሳቸውን ግን አላየሁም' በይ። ቸልተኝነት ይሉታል፤ ይቀልልሻል።»

«እኔ አልከደንኩም።»

«ታዲያ ማን? እኔ ጥርሴን እየተነቀልኩ ነበር። የቀረችው እህቴ ናት። የሥጋ ነገር ነው፣ ይገባሻል አይደል?»

«እኔስ?»

ዶክሱ በጥጡ ምራቁን ጠረገ።

ፀሐይ ጥዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ታክ ሁሉንም ወደ ጋኖቹ መደብ ጠራቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የተኛበት ቦታ ግን ገና ይለያል።

«ከመሬቱ እንጀምር» አለች። «እማማ ቡንሬ ሥር ያለው ድንጋይ ደረቅ ነበር። የወደቁት ከዝናቡ በፊት ነው። ሲወድቁ ይህን ጋን ያዙ።» ክዳኑን አነሳች። «የጣታቸው ምልክት ይኸው። የት ነው ያለው? ክዳኑ የሚያርፍበት ላይ። እሳቸው ሲወድቁ ጋኑ ክፍት ነበር፤ ክዳኑ ከጣታቸው በኋላ መጣ።»

«የፈጣሪ ያለህ!» አለች ጆምሬ።

«አዎ። አንድ ሰው የወደቁትን ሴት እየዞረ፣ እየተሻገረ አሥራ ዘጠኝ ጋን ከደነ። እሳቸው በሕይወት እያሉ።»

ሁሉም ዮንሺምን አዩ። ባሏ ቀድሞ ነው ያያት።

«ነገርኳችሁ!» አለች ኦክሂ። «ደመና ሲያይ ለጋን የሚሮጥ ከእሷ ሌላ ማን አለ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ዮንሺም ብትሆን ከየትኛው ትጀምር ነበር?»

«እኛን ለማሳሳት የራሷን ትታዋለቻ! ለነገሩ የሚደፋ ጋን ነው፣ ምን ይጎድልባታል?»

«አይደፋም ነበር።»

ታክ የሟቿን የእንጨት ጭልፋ ወደ ሃያኛው ጋን ሰደደች። ውሃውን አልፋ ከቢጫው ጃንግ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ጉብታ አወጣች።

«ይህ ምንድን ነው፣ እትዬ ጆምሬ?»

ጆምሬ አሸተተችው፤ በጣቷ ጫፍም ቀመሰችው። «ይሄማ... ይሄ እርሾው ነው። ቡንሬ ከአማቷ፣ አማቷም ከአማቷ የተቀበሉት። ከትልቁ ጋን። ለሰው አይሰጥም፤ ቤቱን ለምትረከበው ሴት ካልሆነ።»

«የወረቀቱ ካልሲም ዛሬ የተለጠፈ ነው። የሌሎቹ ሙጫ ዝናቡን ችሏል፤ የዚህ ገና ሳይደርቅ ነው ዝናቡ የደረሰበት። መቀሱ እማማ ኪስ ውስጥ ነው።» ታክ ወደ ዮንሺም ዞረች። ቢቻላት ይህን ባትናገር ትመርጥ ነበር። «ቀምሰውታል። ወደውታል። ጋኖቹ ሁሉ ያንቺ ሆነው ነበር፤ ዝናቡ እስኪመጣ።»

ዮንሺም አላለቀሰችም። ወደ ጋኗ ሄዳ ውሃውን አየችው። እዚያው ቆመች።

«እንግዲህ ይህን ጋን ሲከበር አይቶ የተቃጠለ ማነው?» አለች ታክ። «ልጅ ሳለሁ አያቴ የጠላቷን ጋኖች ከዝናብ እንዳዳነች ስታወራ ሰምቻለሁ። 'ሁሉንም?' አለቻት ሌላዋ ሴት። መልሷ ዛሬ እዚህ ቆሜ ነው ትዝ ያለኝ፦ 'ሁሉንም፤ ጋን ምን አደረገኝ?' ጠላት እንኳ ሁሉንም ይከድናል። አሥራ ዘጠኙን ከድኖ አንዱን የተወ ሰው ግን ያን አንዱን ይጠላዋል። ሌላም አለ። ጋኖቹ ክፍት ቢሆኑ እትዬ ጆምሬ ትመጣ ነበር። ጋን ልትከድን መጥታ ሰው ታገኝ ነበር።»

ጆምሬ ድንጋዩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ተከድኗል ብዬ... ተመልሼ ሩዝ አጠብኩ እኮ!»

«እኔ ከዝናቡ በኋላ ነው የመጣሁት!» ብላ ኦክሂ ጮኸች።

«መኪናዎ ግን ቀድሞ መጥቷል። ከሥሩ ያለው መሬት እንደ እናትዎ ድንጋይ ደረቅ ነው። ከኋላው ወንበር ላይም ሁለት ባዶ ባልዲ አለ።»

ኦክሂ ሳቀች፤ የደረቀ ሳቅ።

«የትልቁ ጋን ፎቶ ምግብ ቤቴ በር ላይ ተሰቅሏል። ሰው እሱን ብሎ ነው የሚመጣው፤ እኔ ግን እንደሷ» ዮንሺምን በአገጯ አሳየች «ከፕላስቲክ ነው የምቀዳው። አንድ ባልዲ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። 'አንቺ ትሸጪዋለሽ፣ እሷ ታኖረዋለች' ብላ ዓይኔ እያየ ወደዚያች የዓሣ ቅርጫት ጋን ጨለፈችላት። ጭልፋውን ስነጥቃት ወደቀች።»

«ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ሰማዩ ጠቆረ። እሷም 'ክደኚያቸው' አለችኝ። ደሟ እየፈሰሰ! አንሺኝ አላለችም፤ ክደኚያቸው። እሺ ብዬ ከደንኩ፤ ዕድሜ ልኬን ስታዘዛት ኖሬያለሁ። ስጨርስ በጣቷ ያንን ጥግ አሳየችኝ። 'ያንንም' አለች።» ኦክሂ ጥፍሯን አየች። «እሱን አልታዘዝኳትም።»

«ከዚያስ?»

«መኪና ውስጥ ገብቼ እስኪያባራ ጠበቅኩ።»

«ለምን ትተው አልሄዱም?»

«እርሾው እዚህ ነው።»

ሲወስዷት ማንም አልተከተላትም። ጆምሬ አጥሯን ይዛ እያጉረመረመች ገባች። ታክ ዮንሺም ያቀረበችላትን ሾርባ እስከ መጨረሻው ጠጥታ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ መልሳ ሄደች።

ዶክሱ ሃያኛው ጋን አጠገብ ቆሞ አፍንጫውን ያዘ።

«ሳይሸት በፊት ቢደፋ ይሻላል» አለ። «ፖሊሶቹ ሲጨርሱ ድፊው።»

ዮንሺም ከጭልፋው የቀረውን ጥቁር ጉብታ በትንሽ ሳህን አድርጋ ከድናው ነበር። ሳህኑን ሳታስቀምጥ ወደ ባሏ ዞረች።

«አሥራ አንዱን እኔ ደፋሁ። ይሄኛውን አንተ ትደፋለህ።»

«እኔ?»

«ከጥዱ ሥር። ተንበርክከህ፣ በእጅህ እየዛቅክ። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እኔን ሲያይ ምን አለ?»

ዶክሱ ጥዱን አየ። በረንዳውን አየ፤ አሥራ አንድ ጊዜ የተቀመጠባትን ቦታ። የደነዘዘው ጉንጩ መንቃት ጀምሮ ያመው ነበር።

«እሺ» አለ። «ተንበርክኬ እደፋዋለሁ።»