ፊቱን ያዞረው መከለያ

ዓይነ ስውሩ ሬዲዮ ጠጋኝ መታጠፊያው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱን በጆንያ ሸፍነውታል። ምርኩዙ ሦስት ቦታ ተሰብሮ አስፋልቱ ላይ ወድቋል። የገጨው የጭነት መኪና እዚያው ቆሟል፤ ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ያንባርቃሉ። አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«የሞተውስ ሞተ! እኛን ለምን ታግቱናላችሁ?» አለ።

መርማሪው ዞሮም አላየው። ባልደረቦቹ ጉጠት ይሉታል፤ የያዘውን እሾህ ሳይነቅል አይለቅምና። ሬሳውን አየ። ከዚያ በሬሳው ዙሪያ የቆሙትን በሕይወት ያሉትን አየ።

መንገዱ ለመኪና እንዲሰፋ የእግረኛው መንገድ ተቆርጦ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ ቀርቷል። እግረኛውን ከመኪናው የሚለዩት በቀይና በነጭ የተቀቡ የእንጨት መከለያዎች ናቸው። የጭነት መኪናው ሹፌር፣ የመታጠፊያው መከለያ ወደ መኪናው መንገድ እንደ በር ተከፍቶ ነበር፣ እኔም መከለያውን ከነሰውየው ገጭቼ ጥዬዋለሁ ይላል። ፖሊስ ሲደርስ ግን መከለያው ቦታው ላይ ቆሟል። መከለያዎቹ የፎርማኑ ኃላፊነት ናቸው። ስለዚህ ከፍቶ ትቶት ሰው ሲሞት መልሶ ዘግቷል ተብሎ ካቴና ገብቶበታል። ማታ እስር ቤት ሊያድር ነው፤ እቤቱ እናት የሌላቸው ሦስት ልጆች አሉ።

መርማሪው መንገዱን ከሚያሠራው መሐንዲስ ጀመረ።

«ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«ማን ያላወቀው! የግቢዬን ግንብ አላስፈርስም ብሎ መንገዴን አንቆ የያዘው እሱ አይደል? ግንቡን እየዳሰስኩ ነው የምሄደው ይላል። ለአንድ ሰው መዳፍ ሲባል ከተማው ይቁም?»

«ይጠሉት ነበር ማለት ነው።»

«ጥላቻ ቢገድል ኖሮ ይህ ሠፈር ባዶ ይቀር ነበር። ይኸው ሱሪዬን እንኳ ያስቀደደኝ እሱ ነው። እዚያ መከለያ ሥር ለእሱ ምርኩዝ ተብሎ የተመታ ሳንቃ አለ፤ እኔ የዕውሩ ሐዲድ እለዋለሁ። በመተላለፊያው ሳልፍ ሚስማሩ ያዘኝ።»

መርማሪው መከለያውን አየ። ሳንቃው ያለው በመኪናው በኩል ነው። ወደ ፎርማኑ ሄደ።

«ሳንቃውን የመታኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ‹ጋሼ፣ መታጠፊያው ላይ እየሳትኩ ነው፤ ምርኩዜ የሚነካው ነገር አድርግልኝ› ብሎ ለመነኝ። በጀርባው በኩል የመከለያው እግሮች አላስመታ ቢሉኝ በቀለሙ በኩል መትቼ ወደ እግረኛው አዞርኩት። የሌሎቹ ቀለም ወደ መኪና ነው፤ የዚያ የአንዱ ብቻ ወደ እግረኛ ነበር። ‹ቀለም ለሹፌር ነው እንጂ ለዕውር ነው ወይ› እያሉ ኢንጂነሩ ይሰድቡኝ ነበር።»

«ሲገጭ የት ነበርክ?»

«ታች አሸዋ አስራግፍ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስመጣ ሰው ከቦታል። መከለያውን አላየሁም፤ እሱን ነው ያየሁት።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የሚኒባስ ሹፌር ነው። ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል።

«ዓይኑ እኔ ነበርኩ! በየቀኑ እጁን ይዤ በዚህ መታጠፊያ የማሳልፈው እኔ! ዛሬ ብቻ ዘገየሁ። ጩኸቱን ስሰማ ከቤት ሮጥኩ።»

«እንደደረስክ ምን አደረግህ?»

«ተንበርክኬ አቀፍኩት እንጂ ምን አደርጋለሁ!»

መርማሪው ጉልበቱን አየ፤ ደረቱን አየ። «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ አለፈው።

የጭነት መኪናው ሹፌር ጎማው ሥር ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። «ስወርድ አስመለሰኝ፤ እዚሁ ተደፋሁ። ቀና ስል ሰው ተሰብስቧል፣ መከለያውም ቆሟል። አብዷል ይሉኛል፣ ጌታዬ።»

«አላበድክም። ተነስ።»

መርማሪው አራቱንም መከለያው አጠገብ ሰበሰባቸው። ክላክሱ አላቆመም።

«ይህን መከለያ አንድ ሰው፣ ዕውሩ በክፍተቱ ወደ መኪናው መንገድ እንዲወጣ ከፈተው፤ የተረፈውን ሥራ ለመኪኖቹ ተወላቸው። መኪናው መከለያውን ሲጥለው ደግሞ አንስቶ አቆመው፤ ዕውሩ በራሱ ስህተት ሞተ እንዲባል። ንጹሕ ሰው የወደቀ ሰው እያለ የወደቀ እንጨት አያነሳም። ሲያቆመው ግን ከጎረቤት መከለያዎቹ ጋር አመሳሰለው፤ ቀለሙን ወደ መኪና አዞረው። ሳንቃውም አብሮ ዞረ።»

«ታዲያ ፎርማኑ ነዋ!» አለ መሐንዲሱ።

«በገዛ እጁ የመታውን ሳንቃ ጀርባ አዙሮ አያቆምም። እርስዎም አያቆሙም፤ ሱሪውን የቀደደውን ማን ይረሳል? ይህ ሹፌር ደግሞ ሊያድነው የሚችለው ክፍት መከለያ ብቻ ነው፤ ምን ሊሆን ይዘጋዋል?» ወደ ወንድምየው ዞረ። «አንተ ቀረህ።»

«እኔ? በየቀኑ የማሳልፈው እኔ?»

«ጎንበስ በልና ሳንቃውን እየው። ዳር እስከ ዳር የምርኩዝ ጠባሳ ነው። እጁን የተያዘ ሰው እንዲህ አይደበድብም፤ ብቻውን ነበር የሚያልፈው። አንተ ይህን መታጠፊያ ከመሪ ኋላ እንጂ በእግርህ አታውቀውም። ከመኪና ለሚያይ መከለያ ሁሉ አንድ ነው።»

«ወንድሜን እኔ...»

«ተንበርክኬ አቀፍኩት ብለሃል። ጉልበትህ ንጹሕ ነው፤ ደረትህ ግን የእንጨት አቧራ ለብሷል። ያቀፍከው መከለያውን ነው።»

የወንድምየው እንባ እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

«መኪናዬ ደጅ ነው የምታድረው!» ብሎ ጮኸ። «ግንቡን አፍርሰን በር እናውጣላት ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት! መዳፌ፣ መዳፌ ይላል! ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሲቧጭራት፣ መስታወቷን ሲነቅል! ቤቱን የምታበላው እሷ ናት፤ የእሱ መዳፍ ምን ያበላል?»

ከፎርማኑ እጅ የወጣው ካቴና ወንድምየው እጅ ላይ ገባ። ሲወስዱት እንኳ ዞሮ ያየው ጥግ የቆመችውን ሚኒባሱን ነው።

ፎርማኑ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ወደ መከለያው ሄደ። አንስቶ አዞረው፤ ሳንቃውን ወደ እግረኛው አድርጎ አቆመው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለ መሐንዲሱ። «ንቀለው እንጂ! ቀለሙን ወደ መኪና መልስ። ግንቡም ነገ ይፈርሳል፤ የሚከለክል የለ።»

«ሳንቃው እንኳ ቢቀር፣ ኢንጂነር።»

«ለማን?»

ፎርማኑ መርማሪውን አየው። መርማሪው ገዳይ ይይዛል እንጂ ሳንቃ ማስጠበቅ ሥራው አይደለም፤ አንገቱን ደፋ። ፎርማኑ መዶሻውን አነሳ። ሚስማሮቹ እየጮኹ ወጡ።

ሬሳው ገና ሲጫን መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። የመጀመሪያው ጎማ የምርኩዙን ስባሪ ቀጭ አድርጎ አለፈ።